ሁለተኛው ዙር

ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ ዳንስ የምታስተምር አንዲት ሴት ነበረች። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋን ያየ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ «እንደገና» ነው የሚላት። ይህን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። እግራቸው ተሳስቶ ቀጥ ሲሉ ሳትቆጣ፣ ሳትስቅባቸው፣ እጇን አጨብጭባ «እንደገና» ትላለች። ሲሳካላቸውም ያው ነው፤ «አሁን ገና ጣመ፤ በሉ እንደገና»። ታናናሾቿ «እትዬ እንደገና»፣ እኩዮቿ «እንደገና» ብቻ ብለው ይጠሯታል። እሷም አልከፋትም። «እናቴ ካወጣችልኝ ይሄ ይሻላል» ትላለች። እናቷ ያወጡላት ምን እንደነበር ጠይቆ መልስ ያገኘ ግን የለም።

አዳራሹ ሰፊ አይባልም። በአንደኛው ግድግዳ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ መስታወት ተለጥፏል፤ መስታወቶቹ የተገጣጠሙበት ቦታ ትንሽ ስለተዛነፈ እዚያ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ራሱን ሁለት አፍንጫ ይዞ ያገኘዋል። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ያነጠፈው ባሏ ነው። ባሏ ዕድሜውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ «እንግዲህ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ አላይም» አለና የሚስቱን ሙዚቃ ማጫወት ያዘ። ጥጉ ላይ ከማጫወቻው ኋላ ሲቀመጥ አሁንም መሪ የጨበጠ ይመስላል፤ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ዓይኑ መስታወቱ ላይ። እሱ ራሱ ግን አይደንስም። ሰው ሲጎተጉተው «እኔ ቁጭ ብዬ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ እግሬን በስተርጅና አዲስ ሥራ አላስለምደውም» ይላል።

ሕመሙ የመጣው አንድ ጠዋት ነው። ለአዲስ እጮኛሞች ዋልዝ እያሳየች ክፍሉን ዞራ ሳትጨርስ ደረቷ መሃል ላይ ጨመቅ አደረጋት። አንድ ሰው መዳፉን ደረቷ ላይ አሳርፎ የገፋት ያህል ነው። ግራ ክንዷም ከበዳት። ወንበር ስባ ቁጭ ስትል ቀስ እያለ ለቀቃት።

«ጨጓራ ነው» አለች ለባሏ።

«ጨጓራ ክንድ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለና ሙዚቃውን አጠፋው። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ እምቢ ብትልም አልሰማትም።

የልብ ሐኪሟ አጠር ያለች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል፣ ስትናገር እስክሪብቶዋን በጣቶቿ መሃል የምታሽከረክር ሴት ናት። በመራመጃው ማሽን ላይ አስሄደቻት፣ በሌላም መሣሪያ አየቻት፣ በመጨረሻም ወንበሯን አስጠግታ ነገረቻት።

«ልብዎን ከሚመግቡት የደም ሥሮች አንዱ ጠቧል። አልተዘጋም፣ ጠቧል ነው የምልዎት። አረፍ ሲሉ የሚመጣው ደም ይበቃል። ሲደንሱ ግን ልብ ጨምሩልኝ ይላል፣ ያ የደም ሥር ደግሞ ከዚህ በላይ የለኝም ይላል። የሚጨንቅዎት ያኔ ነው።»

«እንግዲያው ዳንሱ ሊቀርብኝ ነው?»

«እንዲያ አልወጣኝም። እንቅስቃሴ ለእርስዎ ጥሩ ነው። መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ቀስ ብለው ይጀምራሉ፣ ሲጨንቅዎት ያርፋሉ። አርፈው ካልተወዎት፣ ወይም ቁጭ ባሉበት ከመጣ ግን እኔን አይጠብቁ፣ ያገኙትን መኪና ይዘው ይምጡ።»

ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት፣ ልብ እንዳይቸኩል የሚይዝ ሌላ፣ ደግሞም ሲጨንቃት ከምላሷ ሥር የምታደርገው ትንሽ ኪኒንም ታዘዘላት። ባሏ ሁሉንም በአንድ ፌስታል ቋጥሮ የኮቱ ኪስ ውስጥ አኖረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ኮት በበጋ ሙቀትም ከትከሻው አልወረደም።

ሥራዋን እንደቀጠለች ግን አንድ የሚገርም ነገር አስተዋለች። የቀኑ የመጀመሪያ ዳንስ ጨመቅ ያደርጋታል። ቁጭ ትላለች፣ ይለቃታል። ተነስታ ሁለተኛውን ስትደንስ ግን ምንም የለም። ያው ዜማ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ዙር፤ ደረቷ ግን ዝም ይላል። ሦስተኛውም እንዲሁ። ምሳ በልታ ረዘም ላለ ጊዜ ካረፈች ደግሞ ነገሩ ከሀ ይጀምራል።

በቀጠሮዋ ቀን ይህን ስትነግራት ሐኪሟ ፈገግ አለች።

«ብዙ ሰው እንዲህ ይለኛል። አንዱ ዳገቱን ስጀምር ቆም ያደርገኝና ካረፍኩ በኋላ እሮጠዋለሁ ይላል። ልብ ትንሽ የደም እጥረት ከቀመሰ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል። ለጥቂት ጊዜ ማለቴ ነው፤ ከዚያ ይረሳል።»

«ታዲያ ከተማሪዎቼ በምን ተለየ?» አለች እንደገና።

ሐኪሟ ሳቀች፤ ቢሆንም ሕመሙን ፈልጋ እንዳትጠራው፣ ይልቅስ ቀስ ብላ እንድታሟሙቅ አስጠነቀቀቻት። ስለዚህ በየጠዋቱ ተማሪ ሳይመጣ ባሏ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይከፍትላታል፣ እሷም ብቻዋን በባዶው ክፍል ውስጥ ዝግ ብላ ትደንሳለች። ትንሽ ያዝ ካደረጋት ትቀመጣለች። ተማሪዎቹ ደረጃውን ሲወጡ ዝግጁ ሆና ታገኛቸዋለች። ዓመታት በዚህ ሁኔታ አለፉ፤ ደስ የሚሉ ዓመታት ናቸው። ስንቱ ሙሽራ በእሷ እጅ አልፎ ወጣ፤ ስንቱስ ሰርጉ ከተበላ በኋላ «ዳንሱ ናፈቀን» ብሎ ተመለሰ።

ስኳር የመጣባት በዚህ መሃል ነው። በሠፈሯ ጤና ጣቢያ ያሉት ሐኪም መርምረዋት፣ መክረዋት፣ የስኳር ኪኒን ጀመሩላት። ስኳሯ በደንብ ወረደ፣ ሐኪሙም አመሰገኗት። ባሏ ደግሞ ለእሷ ሲል ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረ፤ በየስኒው ፊቱን እንደ ሎሚ እያጨማደደ «ለመድኩት» ይላል።

በዚያው ሰሞን የታችኛው ቤት ጎሚስታ ደረጃውን ወጣ። ከሃምሳ ያለፈ፣ ትከሻው የበር ያህል የሰፋ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በዘይት የጠቆረ ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ላገባ ነው።»

«እልል ነው እንጂ! ማንን?» ማንን እንደሆነ መላው ሠፈር ያውቃል። አንዲት ባሏ የሞተባት የታክሲ ሾፌር አለች፤ ጎማዋ በየሳምንቱ ይተነፍሳል፣ በየሳምንቱም እሱ ዘንድ ታስጠግናለች። ሌላ ጎማ ጠጋኝ በመንገዷ ላይ ሞልቶ ሳለ ከተማውን አቋርጣ የምትመጣበትን ምክንያት ሰው ሁሉ ሲገባው፣ ያልገባው እሱ ብቻ ይመስል ነበር።

«በሰርጉ ቀን ዳንስ ካልደነስክ ብላኛለች» አለ። «እኔ ደግሞ እግሬ ለእግሬ አይተዋወቅም።»

«እናስተዋውቃቸዋለን» አለች እንደገና።

ትምህርቱ ከሙሽራይቱ ተደብቆ እንዲሆን ስለፈለገ የሙሽራይቱን ቦታ እሷው ራሷ ያዘች። ጎሚስታው ደነሰ ከማለት ጎማ አንከባለለ ማለት ይቀላል፤ ወገቧን ይዞ ክፍሉን ሲያዞራት ወለሉ ይጮኻል። «ቀስ በል ወንድሜ፣ እኔ መቀየሪያ የለኝም» ትለዋለች። እሱ ይቅርታ ይላል፣ ያልበዋል፣ ደግሞ ይሞክራል። ሦስቱም፣ ባሏ ጭምር፣ እስኪደክማቸው ይስቃሉ።

ከሳቁ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር። የማሟሟቂያው ዙር እንደ ልማዱ ጨመቅ አድርጎ ሲለቃት፣ ሁለተኛውም ይጨምቃታል። ሦስተኛውም። ወደ መስኮቱ ዞር ብላ ከምላሷ ሥር ኪኒኗን ታደርጋለች፣ ከዚያ «እስቲ አሁን ብቻህን ሞክረው» ትለዋለች። መጀመሪያ ጎሚስታው ከባድ ስለሆነ ነው አለች። ቀጥሎ ከቀላሎቹም ጋር ያው ሆነ። ያኔ በሆዷ «በቃ፣ ዕድሜዬ ደረሰብኝ» አለች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

አንድ ቀን ወለሉን እየወለወለች፣ ቀና ሳትል «አዳራሹን ለሌላ ሰው ብንሰጠው ምን ይመስልሃል?» አለችው ባሏን።

ባሏ ካሴት እየደረደረ ነበር። እጁ ቆመ።

«ለምን?»

«ደከመኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ በመስታወት ሰው ሳይ ነው የኖርኩት። የሚወርደውን፣ የሚሳፈረውን፣ የሚጣላውን፣ የሚታመመውን። መጀመሪያ ዙር ላይ ደረትሽን ስትይዢ አውቀዋለሁ፣ ለምጄዋለሁ። አሁን ግን ሁለተኛውም ላይ ትይዣለሽ። እሱን አላውቀውም።»

ከዚያ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አጠገቡ ተቀመጠች። «እንዳላስፈራህ ብዬ ነው» አለች።

«አሁንስ አልፈራሁም?» አላት፤ እጇንም ያዛት። «ነገ ሄደን ለዶክተሯ እንነግራታለን። ይሄ አይደለም የሚያስፈራው፤ ዝም ስትዪኝ ነው።»

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ቀረቡ። ገና ከመቀመጧ «ዶክተርዬ፣ ያ ሁለተኛው ዳንስ ተበላሸብኝ። ዕድሜ ነው መቼም» አለች።

«ዕድሜ እያዘገመ ነው የሚመጣው። ይሄ ድንገት መጣ ነው የሚሉኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ባልና ሚስት ተያዩ። «ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ከጀመርኩ ወዲህ ነው» አለ ባል፤ ከዚያ የራሱ ነገር ራሱን አስደነቀውና ፌስታሉን ከኮቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

ሐኪሟ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ አየች። የስኳሩን ኪኒን ስታነሳ እስክሪብቶዋ መሽከርከሩን አቆመ።

«ይሄን ልንገራችሁ» አለች። «በልብ ጡንቻ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን በሮች አሉ። ደም ሲያጥር እነዚህ በሮች ይከፈታሉ። ሲከፈቱ ልብ ጉልበቱን ይቆጥባል፣ ለሚቀጥለው እጥረት ይዘጋጃል። ሁለተኛውን ዳንስ ቀላል ከሚያደርጉልዎት ነገሮች አንዱ ይሄ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ዓይነት በሮች ቆሽት ውስጥም አሉ። ይሄ ኪኒን የቆሽቱን በሮች ይዘጋል፤ ሲዘጉ ኢንሱሊን ይለቀቃል፣ ስኳርዎ ይወርዳል። ሥራው ይሄ ነው፣ በደንብም ይሠራል። የልቡንም በሮች አብሮ ሊዘጋ መቻሉ ነው ችግሩ።»

«ልቤ ሊዘጋጅ ሲል በሩ ተቆልፎ ያገኘዋል ማለት ነው» አለች እንደገና።

«እንደዚያ ነው የጠረጠርኩት።»

«ታዲያ መጥፎ መድኃኒት ነዋ» አለ ባል።

«አይደለም። ስንቱን ሰው ጠቅሟል። ጤና ጣቢያ ያሉት ሐኪምም ስኳሩን ለማውረድ ትክክለኛውን ነው የሰጡት። ደግሞ እርግጠኛ ነኝ አላልኩም፤ የሁሉም ሰው ልብ አንድ አይደለም። እኛ ግን መፈተን እንችላለን። የዚህ ዓይነት ኪኒኖች አሉ የልቡን በር እምብዛም የማይነኩ፣ በሌላ መንገድ ስኳር የሚያወርዱም አሉ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ በራስዎ እንዳያቋርጡ። ስኳሩ ከወጣብዎ ከዚህ የባሰ ጣጣ ነው።»

ፈተናው በመራመጃው ማሽን ላይ ነበር። በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ትራመዳለች፤ በመሃል ታርፋለች። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ረጅም፣ ኮስታራ ሰው ሲሆን ከ«ይጀምሩ» እና ከ«ይብቃዎት» ሌላ ቃል የሚያውቅ አይመስልም። በመጀመሪያው ተራመደች፣ ጨነቃት፣ አረፈች። ተነስታ ደግማ ስትራመድ ልክ በዚያው ቦታ ላይ ጨነቃት። ሐኪሟ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት ተመልክታ ራሷን ነቀነቀች፤ ወዲያውም ጤና ጣቢያ ደወለች። የስኳር ሐኪሙ ወፍራም ድምፅ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። «እኔ እኮ የደረት ነገር እንዳለባት አውቃለሁ፤ የዳንሱን ጉዳይ ግን አልነገረችኝም» ሲሉ ተሰማ። «ደግ፣ እንቀይረዋለን። ስኳሯን እኔ እከታተላለሁ፣ አንቺ ልቧን ያዢ።»

አዲሱ መድኃኒት ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሷን እንደ እንቁላል ነበር የምትይዘው። ባሏ በየደቂቃው «እህስ?» ይላታል፣ እሷ «ገና ነው፣ አትነዝንዘኝ» ትለዋለች። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ የማሟሟቂያውን ዙር ጨርሳ፣ አርፋ፣ ተነሳች። ባሏ ዜማውን ደገመው። ክፍሉን ዞረች። በመስታወቶቹ መገጣጠሚያ ፊት ስታልፍ ባለ ሁለት አፍንጫ ፊቷን አይታ ሳቀች። ደግማ ዞረች። ያ መዳፍ አልመጣም። ሙዚቃው ሲያልቅ በክፍሉ መሃል ቆማ ትንፋሿን አዳመጠች።

«እህስ?» አለ ባሏ፤ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቷል።

«ዝም በል እስቲ፣ እያዳመጥኩ ነው» አለች፤ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ነበር።

ማሽኑም ይህንኑ መሰከረ። በመጀመሪያው ዙር እንደ ልማዱ ያዝ አደረጋት። በሁለተኛው ግን ያ የተለመደ ቦታ መጣ፣ አለፈ፤ እሷም ትራመዳለች። ማሽኑ ዳገት ሆነ፣ ትራመዳለች። በአፍንጫዋ ዋልዝ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ወገቧም ዜማውን ተከትሎ ወዲህ ወዲያ ይል ጀመር። ኮስታራው ባለሙያ አንገቱን ከመሣሪያው ላይ አነሳ።

«እናቴ፣ እዚህ የሚፈቀደው መራመድ ብቻ ነው» አላት።

«እየተራመድኩ አይደል?»

«እየተራመዱስ ነው» አለና ሳያስበው ፈገግ አለ። ሐኪሟ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ የበፊቱንና የአሁኑን መስመር አሳየቻት። እሷ መስመሩ ብዙም አልገባትም፤ የሐኪሟ ፊት ግን በደንብ ይነበብ ነበር። አቅፋ ሳመቻት።

«የጠበበው አልሰፋም» አለች ሐኪሟ ከእቅፏ ሳትወጣ። «ይሄን እንዳይረሱት። መድኃኒቱም፣ ጥንቃቄውም ይቀጥላል።»

«አልረሳም፣ ልጄ። ልቤ ነው ቶሎ የሚረሳው እንጂ እኔስ አልረሳም።»

ሰርጉ በጎሚስታው ግቢ ውስጥ ተደገሰ። ጎማዎቹ በየቁመታቸው ተደርድረው፣ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ወንበር ሆኑ። የታክሲ ሾፌሮች መንገዱን በመኪና ሞልተው ጥሩንባቸውን ያንባርቁታል። ሙሽራይቱ ሳቂታ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሰው ሁሉ የሚወዳት ሴት ናት። እንግዳው ከተሰበሰበ በኋላ ብድግ አለችና «ዛሬ ካልተናገርኩ ኃጢአት ይሆንብኛል» አለች። «ያ ሁሉ ጎማዬ የሚተነፍሰው በመንገዱ ክፋት አልነበረም። ሚስማሩን የምመታው እኔው ነበርኩ።»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሙሽራው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ።

«አውቅ ነበር» አለ በዚያ ቀዝቃዛ ድምፁ። «መንገድ ላይ የወደቀ ሚስማር ይዝጋል። ያንቺ ሁልጊዜ አዲስ ነበር።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«እውነቱን ካወጣሁት መምጣትሽን ትተዪ እንደሆነስ?»

ሙዚቃው ተከፈተ። ጎሚስታው ሙሽራይቱን ወገቧን ይዞ ወደ መሃል አወጣት። ከንፈሩ ሲቆጥር ይታያል፤ አንዴ ቁጥሩ ጠፋበትና ቆመ። መምህርቱ ከተቀመጠችበት በዓይኗ ብቻ አበረታታችው። ራሱን ሰብሰብ አድርጎ ቀጠለ፣ ሙሽራይቱንም አዞራት። እንዲህ መሽከርከሩን ከየት አመጣው ብላ አፏን ከፍታ ቀረች። ሾፌሮቹ ጥሩንባቸውን ለመንፋት ወደ መኪናቸው ሮጡ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ተነሳ። የሙሽራይቱ አባት መጥተው እጃቸውን ለእንደገና ዘረጉ። ዝግ ያለ ዙር ነበር፤ ደረቷን ትንሽ ያዝ አደረጋት፣ ይቅርታ ጠይቃ ነጭ የለበሰ ጎማ ላይ አረፈች። ባሏ ከማጫወቻው ኋላ ሆኖ አያት፤ እሷም በጣቷ «ምንም አይደል፣ የመጀመሪያው ነው» አለችው። ሲለቃት ተነሳች። ከዚያ በኋላ ማን ያስቀምጣት? ከሙሽራው ጋር ደነሰች፣ ከሙሽራይቱ ጋር ደነሰች፣ ጥሩንባ ሲነፉ ከነበሩት ሾፌሮች ጋር በየተራ ደነሰች። ፀሐይዋ ወደ ጣሪያዎቹ እስክታዘነብል ድረስ ያ ግቢ ከእሷ የቀለለ ሰው አላየም።

ሐኪሟ ይህን ሁሉ በቀጠሮው ቀን ከሰማች በኋላ ጥቂት አሰበችና አንድ ነገር ጠየቀቻት። መንቀሳቀስ የሚፈሩ ሕመምተኞች አሉኝ፤ ለልባቸው የሚበጀው መንቀሳቀሱ ሆኖ ሳለ በፍርሃት ከወንበር አይነሱም፤ የቻሉትን መርጬ ብልክልዎት ያስተምሯቸዋል ወይ አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የከሰዓቱ ክፍል ለእነሱ ሆነ። ጎሚስታው ደረጃው መሃል ላይ የማረፊያ ወንበር ሠራላቸው። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ሌሎችም አሉ። መጀመሪያ ዝግ ያለ ዙር ይደንሳሉ። ያርፋሉ፣ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ። ከዚያ ይነሳሉ።

ባለፈው ሳምንት ዳኛው ከወንበራቸው ተነስተው ኮታቸውን አስተካከሉና «ዋልዙ በቅቶናል፤ ዛሬ ታንጎ ይሁን» አሉ።

«ታንጎ የሚቀጥለው ወር ነው» አለች እንደገና።

«ይግባኝ እላለሁ።»

«ለማን?»

ዳኛው ዞር ብለው ማጫወቻው ኋላ ወደተቀመጠው ሰውዬ አመለከቱ። ባሏ ሚስቱን አየ። እሷ የሁሉንም ፊት፣ የሁሉንም አተነፋፈስ ተራ በተራ ተመለከተች፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ከወዲሁ ጫማዋን እያጠበቀች ነበር።

«ዝግ ያለውን ታንጎ ምረጥ» አለችው፤ ዳኛውንም ክንዳቸውን ያዘች።